የተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ባለሙያ ምንድን ነው? ሥራውስ የት ነው?

ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው የሚከታተለውን ሐኪም ያውቃል። መድኃኒት የሚገዛበትን ፋርማሲም ያውቃል። የዳቦ ጨው ስንት ይሁን ብለው ከፋብሪካ ጋር የሚከራከሩትን፣ ሲጋራ ፓኮ ላይ የታመመ ሳንባ ፎቶ እንዲወጣ ያደረጉትን፣ ጤና ጣቢያ የግፊት ክኒን እንዳያልቅበት የሚሟገቱትን ግን አያውቃቸውም። ዛሬ ስለ እነሱ ላውራችሁ። በጤናው ዓለም የኤንሲዲ ባለሙያዎች ይሏቸዋል። ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎችን የመከላከልና የመቆጣጠር ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ብዙዎቹም ሥራቸው በአንድ አገር ብቻ አይወሰንም።

መጀመሪያ የሚጋፈጡትን ነገር እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የዓለም ጤና ድርጅት አራት ዋና ዋና በሽታዎችን ከፊት ያስቀምጣል፦ ስትሮክን ጨምሮ የልብና የደም ሥር በሽታዎች፣ ካንሰር፣ እንደ አስም ያሉ ሥር የሰደዱ የመተንፈሻ አካላት ሕመሞች እና ስኳር። በ2018 የአእምሮ ጤናም አብሮ እንዲታይ ተወሰነ። በ2021 ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች በጠቅላላ ቢያንስ 43 ሚሊዮን ሰው ገድለዋል። ከእነዚህ ውስጥ 18 ሚሊዮኑ 70 ዓመት ሳይሞላቸው ነው የሞቱት። ያለ ዕድሜያቸው ከሞቱት መካከል ደግሞ 82 በመቶው የዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ አገሮች ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ "የሀብታም በሽታ ነው" የሚለውን የቆየ ወሬ ብንተወው ይሻላል።

ባለሙያዎቹ እነማን ናቸው? ሐኪሞችና ነርሶች አሉበት። ኤፒዲሚዮሎጂስት (በሽታ በሕዝብ ውስጥ እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና)፣ የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ፋርማሲስት፣ የታክስ ኢኮኖሚስት፣ ጠበቃም አለበት። ጠበቃና ኢኮኖሚስት እዚህ ምን ይሠራሉ የሚል ካለ፣ ወደ ፊንላንድ ልውሰዳችሁና ከዚያ እንመለስበታለን።

በ1960ዎቹ የፊንላንድ ወንዶች በልብ ሕመም በመሞት ከዓለም የመጀመሪያውን ደረጃ ይዘው ነበር። ከአገሪቱም የባሰባት ከሩሲያ ድንበር አጠገብ ያለችው ሰሜን ካሬሊያ ናት። ደን ቆራጭና ገበሬ የሚበዛባት፣ ሰዉ ቀኑን ሙሉ ጉልበቱን የሚያፈስባት ምድር። እንዲያም ሆኖ ጎልማሶች በአርባና በሃምሳ ዓመታቸው ድንገት ይወድቁ ነበር። በየቤቱ ባልና አባት ሲቀበር ሕዝቡ ተማረረ። በ1971 የአካባቢው ተወካዮች አንድ ነገር ይደረግልን ብለው ለመንግሥት አቤቱታ አስገቡ።

በ1972 ሥራው ተጀመረ። እንዲመራው የተመረጠው ፔካ ፑስካ የሚባል የ27 ዓመት ሐኪም ነው። ፑስካና ጓደኞቹ ትልቅ የልብ ሆስፒታል በመሥራት አልጀመሩም። ሰዉ ምን እንደሚበላ አዩ። ዳቦው ላይ ቅቤ በብዛት ይቀባል። ወተቱ ቅባቱ ያልወጣለት ነው። ጨው ይበዛል፤ አትክልት የለም ማለት ይቻላል። ከወንዶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያጨሳሉ።

እንግዲህ ለገበሬ "ቅቤ ተው" ማለት ይቀላል። ግን ላም አርብቶ በወተት የሚኖር ሰው ነው። ሚስቱ የምትሠራው ወጥም ከእናቷ የወረሰችው ነው። ስለዚህ ባለሙያዎቹ ማርታት ከሚባለው የሴቶች ማኅበር ጋር ተጣመሩ። ሴቶቹ በየመንደሩ ድግስ አዘጋጁ። የለመዱትን ወጥ ሳይተው ስቡን ቀነስ፣ አትክልቱን ጨመር አድርገው ለጎረቤት አቀረቡ። ቡድኑ የቋሊማ አምራቾችንም አነጋገረ፤ ስቡና ጨው እንዲቀንስ። አየሩ ለብርቱካንና ለሙዝ አይመችም፤ የቤሪ ፍሬ ግን ይበቅላል። የወተት ገበያ ሲቀንስባቸው ገበሬዎች ወደ ቤሪ እርሻ እንዲዞሩ ድጋፍ ተገኘ። የገበሬው ኑሮም አብሮ ታሰበበት ማለት ነው። እኔን በጣም የሚማርከኝ ይሄ ነው። ብዙ የጤና ዘመቻ የሚከሽፈው ሰው እንጀራውን ከየት እንደሚያገኝ ስለሚረሳ ነው።

ውጤቱ ጊዜ ወሰደ። ግን በአርባ ዓመት ውስጥ በሥራ ዕድሜ ላይ ባሉ የሰሜን ካሬሊያ ወንዶች ዘንድ በልብ ደም ሥር በሽታ መሞት ከ80 በመቶ በላይ ቀነሰ። ፑስካም ቆይቶ ወደ ጄኔቭ ሄዶ በዓለም ጤና ድርጅት የዚሁ ዘርፍ ዳይሬክተር ሆነ። ዛሬ ብዙ አገር የሚሠራበት አካሄድ ከዚያች ጠረፍ ክፍለ አገር ብዙ ተምሯል።

አካሄዱ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ሰውን በግሉ ከመምከር ባሻገር የሚኖርበትን ሁኔታ መለወጥ። "ጨው ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ" የሚለው ምክር እውነት ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ሰው ገበያ ላይ ያለውን ነው የሚገዛው። የሚቀርብለት ዘይት መጥፎ ከሆነ፣ ሲጋራ በፍሬ በየኪዮስኩ የሚሸጥ ከሆነ፣ የእግረኛ መንገድ ከሌለ፣ ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው ባይ ነኝ።

ለምሳሌ ትራንስ ፋትን ውሰዱ። ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት በከፊል እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠር ስብ ነው። ምግብ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል፤ የልብ ደም ሥርን ግን ይዘጋል። ማርጋሪን፣ ብስኩት፣ ኬክና ደጋግሞ መጥበሻ የሚሆን ስብ ውስጥ ይገኛል። (እኛ አገር የሚረጋ ዘይት የሚባለው የፓልም ዘይት ሌላ ነገር ነው። እሱ በተፈጥሮው ነው የሚረጋው። ችግሩም ሌላ ዓይነት ስብ፣ ሳቹሬትድ ፋት፣ ስለሚበዛበት ነው።) ዴንማርክ በ2003 ሕግ አወጣች፦ ከ100 ግራም ስብ ውስጥ በፋብሪካ የተፈጠረ ትራንስ ፋት ከ2 ግራም እንዳይበልጥ። ሸማቹ ምንም አልታዘዘም። ምላሱም ልዩነቱን አላወቀም። የተለወጠው የፋብሪካው አሠራር ነው። በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለዓለም ሁሉ ዘመቻ አደረገው። በጥር 2024 ከትራንስ ፋት መላቀቃቸውን ያረጋገጡ የመጀመሪያዎቹ አምስት አገሮች ምስክር ወረቀት ተቀበሉ፦ ዴንማርክ፣ ሊትዌኒያ፣ ፖላንድ፣ ሳዑዲ ዓረቢያና ታይላንድ። ሳዑዲ የምትኖሩ ወገኖች ይሄ በየቀኑ የሚነካችሁ ነገር ነው። በ2017 እዚያው ለስላሳ መጠጥ ላይ 50 በመቶ፣ ሲጋራና ኢነርጂ መጠጥ ላይ 100 በመቶ ታክስ የተጣለውም በዚሁ መስመር ነው።

አሁን ወደ ጠበቃው። ኡራጓይ ትንሽ አገር ናት። ፕሬዚዳንቷ የነበረው ታባሬ ባስኬዝ በሙያው የካንሰር ሐኪም ነበር። መንግሥቱ ከሲጋራ ፓኮ 80 በመቶው በማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዘዘ። በአንድ የንግድ ስም "ላይት" ምናምን እያሉ የተለያየ ዓይነት መሸጥም ከለከለ። የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ በ2010 ኡራጓይን በዓለም ባንክ ሥር ባለው የግልግል ፍርድ ቤት ከሰሳት። ጉዳዩ ስድስት ዓመት ፈጀ። በሐምሌ 2016 ኡራጓይ ረታች፤ ኩባንያውም ወጪዋን እንዲከፍል ተፈረደበት። ከጀርባዋ የሕግ ባለሙያዎች፣ የሳይንስ ማስረጃ ያቀረቡ ተመራማሪዎችና በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት ነበሩ። አንድ የጤና ሚኒስቴር ብቻውን ቢሆን ኖሮ ገና ክሱ ሲመጣ ሕጉን አጥፎ በተቀመጠ ነበር። ዓለም አቀፍ ባለሙያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሽታው ከሰው ወደ ሰው ባይተላለፍም ሲጋራውን የሚሸጠው ኩባንያ ድንበር አያግደውም።

ኢትዮጵያም ይህን ስምምነት በ2014 አጽድቃለች። ከዚያ በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 ወጣ። ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቦታዎች ማጨስ ተከለከለ። ፓኮው ላይ 70 በመቶ ቦታ የሚይዝ የሥዕል ማስጠንቀቂያ ታዘዘ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራም አልኮልም መሸጥ ተከለከለ። የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ድንገት የጠፋበትን ጊዜ አስታወሳችሁ? በዚሁ አዋጅ ነው። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ መጣ። እርግጥ ሲጋራ ዛሬም በፍሬ ይሸጣል፤ ቡና ቤት ውስጥም የሚያጨስ አይጠፋም። ሕግ ማውጣትና ማስከበር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ብዙ ሰውና ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ሕግ ለማውጣት ደግሞ ቁጥር ያስፈልጋል። ስቴፕስ የሚባል ጥናት አለ። ቤት ለቤት ሄዶ በሦስት ደረጃ ይሠራል፦ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ ክብደት፣ ቁመትና ግፊት መለካት፣ በመጨረሻ የደም ምርመራ። መጠይቁ በሁሉም አገር ተመሳሳይ ስለሆነ አንዱን አገር ከሌላው ማወዳደር ይቻላል። ኢትዮጵያ በ2015 አካሂዳው ወደ 16 በመቶ የሚሆን አዋቂ ግፊት እንዳለበት ታየ። አብዛኛው ተለክቶ አያውቅም፤ ስለዚህ እንዳለበትም አያውቅም ነበር።

ግፊት ካነሳን አይቀር በክሊኒክ በኩል ያለውን ሥራ ልንገራችሁ። በዓለም ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰው ግፊት አለበት። ግፊቱን በቁጥጥር ሥር ያደረገው ግን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነው። መድኃኒቱ ርካሽና የቆየ ነው። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አንዱ ሐኪም አንድ ዓይነት ክኒን ያዛል፣ ሌላው ሌላ። ጤና ጣቢያው የታዘዘው የለውም። ታማሚው ለወር መድኃኒት ሁለት ሰዓት ተጉዞ ሲመጣ ሐኪሙ የለም። ትንሽ ሲሻለው "ግፊቴ ወርዷል" ብሎ ያቆማል። ለዚህ በ2016 ኸርትስ የሚባል አሠራር ወጣ። አገሩ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ያክማል፦ በዚህ ክኒን ጀምር፣ ካልወረደ መጠኑን ጨምር፣ ካልሆነ ይህን ሁለተኛ ጨምርበት። ነርስ ልትከታተለው ትችላለች። የተረጋጋ ታማሚ የሁለት ሦስት ወር መድኃኒት ይዞ ይሄዳል። የመድኃኒቱ ዓይነት ትንሽ ስለሚሆን በብዛትና በርካሽ ይገዛል። የቀረ ሰው ካለ ከመዝገብ ታይቶ ይደወልለታል። ሲያዩት ተራ ነገር ይመስላል፤ ሕይወት የሚያተርፈው ግን እሱ ነው።

ከአገር ለወጣነውም ጉዳዩ ቅርብ ነው። በ1984 እና በ1991 ወደ እስራኤል የሄዱ ቤተ እስራኤላውያን ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው እምብዛም አልነበረም። ዓመታት ሲያልፉ ግን በሽታው እየበዛ ሄደ። የጤፍ እንጀራው በነጭ ዱቄት ተተካ፣ ጣፋጭ መጠጥ ገባ፣ በእግር መሄድ ቀረ። ተኔ ብሪኡት የሚባል ድርጅት ለዚህ ብሎ ተነሣ፤ የማኅበረሰቡን ልጆች አሠልጥኖ በአማርኛ ያስተምራል። በሌሎች አገሮች ያሉ ማኅበረሰቦቻችንም ይህን ቢያዩት እመኛለሁ።

አንድ የምቆጭበት ነገር አለ። ይህ ዘርፍ ለረጅም ጊዜ የሲጋራና የስብ ነገር ላይ ብቻ አተኩሮ የድሃ ልጆችን ዘግይቶ ነው ያየው። ሩማቲክ የልብ በሽታን እንውሰድ። ልጅ ቶንሲል ይታመማል። በጊዜው በፔኒሲሊን ካልታከመና ሕመሙ ከተደጋገመ፣ ሰውነቱ ራሱን ሲከላከል የልብ ቫልቮችን ይጎዳል። በአሥራዎቹ ዕድሜ ትንፋሽ ያጥረዋል። ይህ ልጅ አላጨሰም፤ ስብም አላበዛም። በሽታው የሚከፋው የተጨናነቀ ቤትና ሩቅ ጤና ጣቢያ ባለበት ነው። አንዴ ከተጀመረም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወሰድ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይባባስ ይረዳል። ቀዶ ጥገና የሚደርስ ልጅ ግን ወረፋው ረጅም ነው።

ይህን ጉዳይ ገፍተው ካመጡት አንዱ ደቡብ አፍሪካዊው የልብ ሐኪም ቦንጋኒ ማዮሲ ነበር። በ2015 እሱና የአፍሪካ የልብ ሐኪሞች ከአፍሪካ ኅብረት ጋር አዲስ አበባ ተሰብስበው ሰባት እርምጃዎችን አወጡ። የአዲስ አበባ ኮሙኒኬ (የጋራ መግለጫ) በመባል ይታወቃል። ከሦስት ዓመት በኋላ የዓለም ጤና ጉባኤ በሩማቲክ የልብ በሽታ ላይ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ማዮሲ በዚያው ዓመት አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ሩዋንዳ ውስጥ የተሞከረ ሥራ ሰፍቶ ፔን ፕላስ ተባለ። በወረዳ ሆስፒታል ደረጃ የሠለጠኑ ነርሶች የሩማቲክ የልብ በሽታን፣ ልጆችን የሚይዘውን ታይፕ 1 ስኳርና ሲክል ሴል የሚባለውን በዘር የሚወረስ የደም በሽታ በአንድ ክሊኒክ ይከታተላሉ። ኢንሱሊን፣ ፔኒሲሊንና የልብ አልትራሳውንድ እዚያው ይገኛሉ፤ ለዚህ ዋና ከተማ መሄድ አይጠበቅም። በነሐሴ 2022 የአፍሪካ ጤና ሚኒስትሮች ሎሜ፣ ቶጎ ላይ ተሰብስበው የአህጉሩ ስትራቴጂ እንዲሆን ተቀበሉት። የቀረው በየአገሩ በጀት መያዝ፣ ነርሶችን ማሠልጠንና ኢንሱሊኑ ወር በገባ ቁጥር ወረዳው መድረሱን ማረጋገጥ ነው። ይሄ ነው እንግዲህ አሁን እነዚህ ባለሙያዎች የሚሠሩት።