«የሃርድዊክ ቤቱ፣ ከግድግዳው ይልቃል መስታወቱ»

እንግሊዞች በዳርቢሸር ስለሚገኘው ሃርድዊክ ሆል ስለሚባል ቤት የሚሏት አባባል ናት። ላይ ላዩን ስትሰማ አድናቆት ትመስላለች። ውስጧ ግን ትንሽ ሽሙጥ አለ፤ «ብርሽን አየንልሽ» ዓይነት።

የቤቱ ባለቤት ቤስ ኦቭ ሃርድዊክ የምትባል ሴት ነበረች። ብዙም ሀብት ከሌለው ቤተሰብ ተወልዳ አራት ጊዜ አገባች፣ አራቱንም ባሎቿን ቀበረች፣ ሀብቷም እያደገ ሄደ። የመጨረሻው ባሏ የሽሩስበሪው መስፍን የሞተው በ1590 እ.ኤ.አ. ነው። ቤቱም በዚያው ዓመት ተጀመረ። በ1597 ስትገባበት ዕድሜዋ ሰባ ገደማ ነበር። ንድፉ የአርክቴክቱ የሮበርት ስሚትሰን ነው ተብሎ ይታመናል።

የአባባሉ ጉልበት ያለው መስታወቱ ላይ ነው። ያኔ መስታወት እጅግ ውድ ነበር። ሰፊ አድርጎ መሥራትም አይቻልም ነበርና ትናንሽ ቁራጮች እርሳስ በሚባለው ብረት እየተያያዙ መስኮት ይሆናሉ። ከዚያ በፊት የነበሩ መኳንንት ደግሞ የሚኩራሩት በወፍራም ግንብ ነበር፤ ጠላት ይመጣላ! በዚያ ዘመን እንግሊዝን ይገዙ የነበሩት የቱዶር ነገሥታት አገሩን ካረጋጉ በኋላ ግንቡ ትርጉም አጣ፤ ሀብታሙም ቤቱን ለብርሃን ከፈተ። በሃርድዊክ ይህን ያስቻለው አንድ ብልሃት የጭስ መውጫዎቹን ወደ ውስጠኛው ግድግዳ ማስገባት ነው። የውጪው ፊት ለመስኮት ነፃ ሆነ።

መስኮቶቹ ወደ ላይ በወጣህ ቁጥር ይረዝማሉ። ምድር ቤቱ የሠራተኞች፣ መካከሉ የቤተሰቡ፣ ላይኛው ደግሞ የክብር እንግዶች ነው። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ እንድትመጣ ታስቦ ነበር ይባላል፤ አልመጣችም። በስድስቱ ማማዎች አናት ላይ ደግሞ የቤስ ስም የመጀመሪያ ፊደላት በድንጋይ ተቀርጸው ቆመዋል። ከሩቅ ይነበባሉ። ይሉኝታ ብሎ ነገር የለም!

የኔን ቀልብ የሚስበው ግን የሐሰቶቹ መስኮቶች ነገር ነው። የአውሮፓ ህዳሴ ዘመን ጥበብ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን ስለሚፈልግ፣ አንዳንዱ መስኮት መስታወቱ አለ፣ ከኋላው ግን ግድግዳ ነው። አባባሉ ራሱ ትንሽ ተሸውዷል ማለት ነው።

ይህ ሁሉ መስታወት ቤቱን ቀዝቃዛ ማድረጉ አይቀርም። ስለዚህ ግድግዳዎቹ ስዕል በተሸመነባቸው መጋረጃዎች ተሸፈኑ። የረጅሙ አዳራሽ 13 መጋረጃዎች የመጽሐፍ ቅዱሱን የጌዴዎንን ታሪክ ያሳያሉ። ቤስ በ1592 የገዛቻቸው የንግሥቲቱ ባለሥልጣን ከነበረው ከሟቹ ክሪስቶፈር ሃተን ወራሽ ሲሆን፣ የሃተን አርማ ስለነበረባቸው ለመቀየሪያ ከዋጋው አምስት ፓውንድ አስቀነሰች። ከዚያም አርማውን በራሷ አርማ አስሸፈነችው። የሃተን ምልክት የሆነችው ሴት አጋዘን ቀንድ ተሳለላትና የቤስ ሁለተኛ ባል የካቨንዲሽ ቤተሰብ ምልክት የሆነው ወንድ አጋዘን ሆነች።