ሰምና ወርቅ፦ አባባሉ ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሳለ አንድ ሰው አንዲት ነገር ጣል ያደርጋል። ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ ግራ ገብቶት ያያል። ከዚያ አንዱ «ኧረ ይሄ ነገር ሰምና ወርቅ ነው!» ይላል። አባባሉን የማያውቅ የለም። ላይ ላዩን አንድ ነገር እያለ ውስጡ ሌላ ነገር ለያዘ ንግግር የምንሰጠው ስም ነው። ቶሎ የሚሰማው ትርጉም ሰም ነው፤ የተደበቀው ደግሞ ወርቅ።

እስከዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን። እኔን የሚከነክነኝ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። ብዙ ጊዜ አባባሉን ስናብራራ ሰሙን እንደ መጠቅለያ ወረቀት እንቆጥረዋለን። ቀደን እንጥለውና ወርቁን ይዘን እንሄዳለን። «ዋናው ወርቁ ነው» እንላለን። የአባባሉ መነሻ ግን እንደዚያ አይልም።

መነሻው የአንጥረኛ ቤት ነው። አንጥረኛው መስቀል ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ የሚይዘው ወርቁን አይደለም፤ ሰም ነው። ሰም ለስላሳ ስለሆነ ለእጅ ይታዘዛል። የመስቀሉን ክንድ፣ ጌጡን፣ ማንጠልጠያ ቀዳዳውን ሁሉ ሰሙ ላይ ይጨርሰዋል። ከዚያ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ መውጫ የምትሆን አንዲት ቀዳዳ ብቻ ይተዋል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ እሳት ላይ ሲሆን ሰሙ ቀልጦ ይወጣል። ውስጡ ባዶ ይቀራል። ይህ ባዶ ግን ቅርጽ ያለው ባዶ ነው። የቀለጠው ወርቅ እዚያ ውስጥ ይፈሳል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበርና መስቀሉ ይወጣል።

እንግዲህ ወርቁ ያንን ቅርጽ ከየት አመጣው? ከሰሙ ነዋ! አንጥረኛው ሰሙ ላይ የተወው ጭረት ወርቁም ላይ ይታያል። ሰሙ ቢጣመም ወርቁም ተጣሞ ይወጣል። ምንም ያህል ጥሩ ወርቅ ቢኖረው፣ ሰሙን ያበላሸ አንጥረኛ የሚያወጣው ያው የተበላሸ መስቀል ነው። ስሙን ያወጡት የቅኔ ሊቃውንት ከዚህ ሁሉ የእጅ ሥራ ይህንን የመረጡት በዋዛ አይመስለኝም።

ቅኔ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በግእዝ የሚዜም ግጥም ነው። ለየበዓሉ አዲስ ሆኖ ይቀርባል እንጂ የትናንቱ ዛሬ አይደገምም። ተማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና እየቆየ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ብቻውን ሆኖ ቅኔ ይቆጥራል፣ ማለትም በሐሳቡ ይደርሳል፤ ከዚያ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታም ያርሙታል። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ የሚባሉት ስሞች እስከ ዛሬ የቅኔ ቤቶች መለያ ናቸው። በግእዙ ቅኔ ሰሙና ወርቁ ጎን ለጎን ተጠርተው አንድ ግሥ ሊካፈሉ ይችላሉ። በአማርኛው ግጥም ግን ወርቁ ብዙውን ጊዜ አንዲት ቃል ውስጥ ተደብቆ ነው የሚቀመጠው። ያቺን ቃል ኅብረ ቃል እንላታለን። ሰሙንም ወርቁንም በአንድ ጊዜ የተሸከመችው እሷ ናት።

ያለ ምሳሌ ይህ ሁሉ ነፋስ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ብዬ የገጠምኳትን አንዲት ግጥም እዩ። ተናጋሪው ልጅቷን ሊያጭ የሄደ ሰው ነው።

ከቤትሽ ብመጣ ጠጥቼ ልበላ፣
እናትሽ ጠጅ ቀዳች አባትሽ ግን ጠላ።

ሰሙ ቀላል ነው። እንግዳ መጣ፤ እናት ጠጅ ቀዳች፣ አባት ደግሞ ጠላ ቀዳ። ወርቁ ያለው «ጠላ» ውስጥ ነው። መጠጡን ትታችሁ ግሡን ውሰዱ፤ እናትሽ በደስታ ተቀበለችኝ፣ አባትሽ ግን ጠላኝ። ኅብረ ቃሏ «ጠላ» ትሁን እንጂ «ግን» የምትለውንም ቃል አትለፏት። በሰሙ ጠጅንና ጠላን ታለያያለች፤ በወርቁ ደግሞ እናትንና አባትን ታለያያለች። በሁለቱም በኩል ሥራ አላት። እንደዚህ ዓይነቷን ትንሽ ቃል ሳገኝ በጣም ነው ደስ የሚለኝ።

አንዳንዴ ደግሞ ኅብረ ቃሉ እንዳለ አይፈታም፤ መሰንጠቅ አለበት። ይህችኛዋም የእኔ ናት፦

ና ብለሽ ላክሽብኝ ክረምቱ ሳይለቀኝ፣
አንቺ ወስደሽብኝ እኔማ ልብስ የለኝ።

በሰሙ ሰውየው በርዶታል። ልብሱን እሷ ወስዳበታለች፤ ምን ለብሶ ይምጣ? ለወርቁ «ልብስ» የሚለውን ከሁለት ክፈሉት፤ «ልብ» እና «ስ»። ልብስማ የለኝም ያለው ሰው ልብማ የለኝም ማለቱ ነው፤ ልቤን አንቺ ወስደሽዋል። እዚህ ላይ የፊደላችን ጠባይ ያግዛል። «ልብስ» ብለን ጨርቁን ስንጠራ «ብ» ትላላለች። «ልብ» ስንል ግን ትጠብቃለች። ፊደሉ መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ጮክ ብሎ የሚናገረው ሰው ግን ከሁለት አንዱን መምረጥ አለበት። ጎበዝ ተናጋሪ የሰሙን ድምፅ ይዞ ይናገራል፤ ማጥበቁን ለሰሚው ይተወዋል።

በነገራችን ላይ ሁለቱም ግጥሞች የወል ቤት በሚባለው ምት የተገጠሙ ናቸው። እያንዳንዱ ስንኝ 6 ቀለም (የድምፅ ምት) ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። መሃሉ ላይ ትንሽ ትንፋሽ ይወሰዳል። ከወል ቤት ሌላ ሰንጎ መገንና ቡሄ በሉ የሚባሉ ምቶችም አሉ።

አሁን ወደ አንጥረኛው ነገር ልመለስ። የሁለተኛዋን ግጥም ወርቅ ሳልነካ ሰሙን ብቻ ላበላሸው።

መጽሐፍ ላንብብ ብል ዓይኔ እየደከመኝ፣
አንቺ ወስደሽብኝ እኔማ ልብስ የለኝ።

ምቱ አልጎደለም፤ ቤትም ይመታል። ኅብረ ቃሉም እዚያው አለ። «ልቤን ወስደሽዋል» የሚለው ወርቅ አልጠፋም። ግጥሙ ግን ሞቷል! ከማንበብና ከዓይን ድካም ጋር ልብስን ምን አገናኘው? ሰሚው ገና «ልብስ» ሲባል ነገር እንዳለ ይነቃል። ሰሙ በራሱ የሚታመን ታሪክ ስላልሆነ የሚደብቀው ነገር የለም። ሰም አልባ ወርቅ ማለት ይህ ነው። «ወርቁ ይበቃል» የሚሉ ገጣሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ የማየው ጉድለትም ይኸው ነው። አንድ መንታ ቃል ያገኛሉ፤ ከዚያ ለቃሉ ሲሉ ሁለት ስንኝ ይገጣጥማሉ። መንታ ቃል ማግኘት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ያ ቃል የግድ መምጣት ያለበትን ሁኔታ መፍጠር ነው፤ ብርድ፣ ክረምት፣ ጥሪ።

አባባሉ ሰፍቶ ሰፍቶ ዛሬ የተሸፈነ ነገር ሁሉ ሰምና ወርቅ ይባላል። ለጨዋታ ያህል ጥሩ ነው። ግጥም ለማንበብ ግን ዘመዶቹን መለየት ይጠቅማል። ቅርቡ ውስጠ ወይራ ነው። በውስጠ ወይራ ምሥጢሩ አንዲት ቃል ላይ አይንጠለጠልም፤ ንግግሩ እንዳለ ሌላ ነገር ይነካል። ስለ በሬ ሲያወራ ቆይቶ ሰሚው «ይሄማ ስለ እኔ ነው» ካለ፣ እዚያ ውስጥ የሚሰነጠቅ ቃል አትፈልጉ። ተለዋጭ ዘይቤ ደግሞ ምንም አይደብቅም። «ልጁ አንበሳ ነው» ስንል ጀግና ማለታችን ፊት ለፊት ነው። «እንደ አንበሳ» ካልን ተነጻጻሪ ይሆናል። ምጸት ደግሞ ከሚለው ነገር ተቃራኒውን ማለቱ ነው፤ ሰምና ወርቅ ግን ሁለቱንም ትርጉሞች እውነት አድርጎ ይይዛል። አባትየው ጠላ ቀድቶ ሊሆን ይችላል፤ ጠልቶትም ሊሆን ይችላል። የዘይቤው ውበት ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ተናጋሪው ቢጠየቅ «እኔ ስለ መጠጥ ነው የተናገርኩት» ብሎ መከራከር ይችላል። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» ብሎ ግጥም የሚሰጥ ሰው ፊት ለፊት የማይደፍረውን ሰው ሸንቆጥ የሚያደርገው በዚህ ተማምኖ ነው። ይህ መከራከሪያ ደግሞ የሚሠራው ሰሙ ሙሉ ከሆነ ብቻ ነው።

ወርቅ ፍለጋ ስትገቡ ከስንኙ መጨረሻ ብትጀምሩ ይሻላል። ኅብረ ቃል ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በመጨረሻው ስንኝ መዝጊያ አካባቢ ነው። ስም የመሰላችሁን ቃል ግሥ አድርጋችሁ ሞክሩት። የላላውን አጥብቁት፣ የጠበቀውን አላሉት። ካልሆነ ሰንጥቁት፣ ወይም ከጎረቤቱ ቃል ጋር ግጠሙት። መጨረሻው ላይ «ስ» ወይም «ማ» ካለ በተለይ ተጠራጠሩ። «ልብስ» ውስጥ «ልብ»ን ያገኘነው በዚህ መንገድ ነው፤ መጨረሻ ያለችውን «ስ» ነጥለን።