በክሩዝ መርከብ ላይ የእራት ሰዓትን መምረጥ፦ ከጅማ ለሚነሳ መንገደኛ

በክሩዝ መርከብ የሚሄድ ሰው ዋና ዓላማው መድረስ አይደለም። መዝናኛው መርከቡ ራሱ ነው። መኝታውም፣ ምግቡም፣ ትርኢቱም እዚያው ነው። ዋናው ምግብ በቲኬቱ ዋጋ ውስጥ ስለሚካተት የ"ስንት ነው?" ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። የሚቀረው "መቼ እንብላ?" የሚለው ነው። ፍሌክሲብል ዳይኒንግ የሚባለው አሠራር የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ተሳፋሪው ቁርጥ ባለ ሰዓት አይታሰርም። አዳራሹ ክፍት እስከሆነ ድረስ ሲርበው ሄዶ እራቱን ይበላል።

ለጅማ ሰው ነገሩ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ባሕር የለንም። ከተማችን ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች የቡና አገር ናት። በአካባቢያችን ትልቅ ውሃ ከተባለ የግልገል ጊቤ ግድብ ነው። ቢሆንም ውጭ አገር ያሉ ልጆች ወላጆቻቸውን ለጉብኝት ሲወስዱ ክሩዝም ጨምረው የሚያስይዙላቸው አሉ። የሆቴል ሙያ ከተማሩ ወጣቶች መካከልም መርከብ ላይ መሥራት የሚመኙ አይጠፉም። ደግሞም ጅማ የጾም ቀንና የማፍጠሪያ ሰዓት በየቤቱ የሚከበርባት ከተማ ናት። እዚህ ላደገ ሰው መቼ እንደሚበላ መምረጥ የቅንጦት ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

ሁለቱ ፈረቃዎች

በቀድሞው አሠራር እራት በሁለት ፈረቃ ይቀርባል። ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ተሳፋሪውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይችል ነው። የመጀመሪያው ፈረቃ አብዛኛውን ጊዜ 11:30 ወይም 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሁለተኛው 2 ሰዓት ወይም 2:30 ላይ ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። መርከቡ ላይ 12 ሰዓት የሚጻፈው 6:00 ፒኤም ወይም 18:00 ተብሎ ነው። ለእናትና ለአባት ይህን አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። ወረቀቱ ላይ "6:00" ያየ አባት ምሳ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

በፈረቃ ሲበላ ጠረጴዛው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ምሽት አንድ ነው። ቁጥሩና ሰዓቱ በብዙ መርከቦች የካቢን (የመኝታ ክፍል) ቁልፍ ሆኖ በሚያገለግለው ካርድ ላይ ታትሞ ይሰጣል። አብረው የሚቀመጡት ሰዎችም አይቀየሩም። አስተናጋጆቹም እነዚያው ናቸው። በሦስተኛው ቀን አስተናጋጁ ማን ሻይ እንደሚጠጣ፣ ማን ቅመም እንደማይወድ ያውቃል። ትርኢቱም የሚዘጋጀው ፈረቃውን ተከትሎ ነው። መጀመሪያ የበሉት በኋላ የሚታየውን ይገባሉ፤ ቆይተው የሚበሉት ከእራት በፊት ያለውን ያያሉ።

ድካሙም አለ። የመጀመሪያው ፈረቃ ተስተናጋጅ ጠረጴዛውን ለሁለተኛው መልቀቅ ስላለበት ከምግብ በኋላ ረጅም ወሬ አይመችም። ወደብ ወርዶ ሲዞር የዋለ ሰው ደግሞ ሳይታጠብ ወደ እራት መሮጥ ሊኖርበት ነው።

ነፃው ሰዓት እንዴት መጣ

በሰዓት ያለመታሰር ሐሳብ የትናንት አይደለም። በ1905 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረችው "አሜሪካ" የተባለች የጀርመን መርከብ ከዋናው አዳራሽ ሌላ፣ ተሳፋሪው ከፍሎ በፈለገው ሰዓት እየመረጠ የሚበላበት የሪትዝ ካርልተን ሬስቶራንት ነበራት። በ1912 የሰጠመችው ታይታኒክም እንዲሁ። የአንደኛ ማዕረግ ተሳፋሪዎቿ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ክፍት የሆነ የራሳቸው ሬስቶራንት ነበራቸው። ያኔ ሰዓት መምረጥ ገንዘብ ላለው ብቻ የተተወ ነገር ነበር።

በ1996 አይዳ የሚባለው የጀርመን ክሩዝ ቋሚ ጠረጴዛን ትቶ ቡፌን ዋና ምግቡ አደረገ። ነገሩ በሰፊው የተለወጠው ግን በ2000 ነው። ኖርዊጂያን ክሩዝ ላይን "ፍሪስታይል ክሩዚንግ" ብሎ ቋሚ ሰዓትንም፣ ቋሚ ጠረጴዛንም፣ የግድ ክራባት ማሰርንም አስቀረ። ሌሎቹ የመርከብ ድርጅቶችም በኋላ ተከተሉት፤ ፈረቃውን ግን ጨርሰው አልጣሉትም። በጎኑ አማራጭ ጨመሩ እንጂ። በሮያል ካሪቢያን "ማይ ታይም"፣ በካርኒቫል "ዩር ታይም"፣ በሴሌብሪቲ "ሴሌክት" የሚባሉት ሁሉ ሐሳባቸው አንድ ነው።

ከሁለቱ የተለየ መንገድ የያዙ ድርጅቶችም አሉ። ዲዝኒ ቤተሰቡን በየምሽቱ ወደ ሌላ ሬስቶራንት ያዘዋውራል። አስተናጋጆቹም አብረው ይዞራሉ። ልጆች አዲስ ቦታ ያያሉ፣ የሚያውቁት ፊት ግን አይለያቸውም። በእኔ እምነት ልጅ ላለው ቤተሰብ ከዚህ የተሻለ አልተገኘም። ኪዩናርድ ደግሞ ሬስቶራንቱን ከካቢን ደረጃ ጋር ያያይዛል። ውድ ካቢን የያዘ ሰው ጠረጴዛው ተጠብቆለት በፈለገው ሰዓት ይመጣል። ቨርጂን ቮያጅስ ዋናውን አዳራሽም ቡፌውንም ትቶ ሁሉንም በትናንሽ ሬስቶራንቶች አድርጎታል።

ከሁሉም የሚያስተምረው የሮያል ካሪቢያን ሙከራ ነው። ድርጅቱ በ2014 ኳንተም ኦፍ ዘ ሲስ የተባለችውን መርከብ ሲያስወጣ ትልቁን አዳራሽ በአራት ሬስቶራንቶች ተካው። ተሳፋሪው የየምሽቱን ቦታና ሰዓት እየመረጠ እንዲይዝ ተደረገ። አሠራሩ ዳይናሚክ ዳይኒንግ ይባል ነበር። ወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የበለጠ ነፃነት የለም። ተሳፋሪው ግን አልወደደውም። ቦታ መያዙ ራሱ ሥራ ሆነበት። የለመደውን አስተናጋጅና ጠረጴዛም አጣ። ድርጅቱም ትቶት ወደ ፈረቃውና ወደ "ማይ ታይም" ተመለሰ። ሰው ምርጫ ይፈልጋል፤ በየቀኑ መምረጥን ግን አይፈልግም። ማዕድ የሚቀርበው ለመጥገብ ብቻ አይደለም። አብሮ የሚቀመጥ ሰውም ያስፈልጋል። እዚህ ጅማ ብቻውን የሚበላ ሰው ያየ ሁሉ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አይፈልግም።

አሠራሩ ከቅርብ ሲታይ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ስለ ሰዓት ምርጫ ሲወራ የሚወራው ስለ እራት ነው። ቁርስና ምሳ በአብዛኞቹ መርከቦች የተመደበ ሰዓት የላቸውም። ቡፌውም ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል የሚበላ አያጣም።

ነፃውን ሰዓት የመረጠ ሰው ወደ አዳራሹ በር ሄዶ የካቢን ቁጥሩን ይናገራል። ጠረጴዛ ካለ ይገባል፤ ከሌለ ይጠብቃል። በአንዳንድ መርከቦች ተራው ሲደርስ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መጥሪያ ይሰጠዋል። በሌሎቹ በመርከቡ አፕ ላይ ተራ ይይዛል፣ ጠረጴዛው ሲገኝ ስልኩ ላይ መልእክት ይደርሰዋል። አስቀድሞ ሰዓት ማስያዝም ይቻላል።

ወረፋው የሚጠናው ከምሽቱ 1 እስከ 1:30 ባለው ጊዜ ነው። ሁሉም በነፃነት መርጦ ያንኑ ሰዓት ይመርጣል። የመርከቦቹን ስፋት ማሰብ ነው። በ2024 ሥራ የጀመረችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ በአንድ ካቢን ሁለት ሁለት ሰው ተብሎ ሲቆጠር 5,610 ተሳፋሪ ትይዛለች፤ ስትሞላ እስከ 7,600 ትደርሳለች። ከዚህ ሕዝብ እኩሌታው እንኳ አንድ ጊዜ ቢርበው የሚችል አዳራሽ የለም። 12 ሰዓት ላይ ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ የሄደ ግን ብዙም ሳይቆም ይቀመጣል። ለሁለት ሰው የሚሆን ጠረጴዛ ቶሎ ይገኛል። ስምንትና አሥር ሆኖ የሚሄድ ዘመድ አዝማድ አስቀድሞ ቢያስይዝ ይሻለዋል።

ለወጥ ቤቱ ደግሞ ነፃው ሰዓት ከባድ ነው። በፈረቃ ሲሆን የሚመጣው ሰው ቁጥርና ደቂቃው ይታወቃል፤ ሁለት ትልልቅ ዙር ይሠራል፣ አለቀ። በነፃው ግን ለሰዓታት ሳያቋርጥ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ማውጣት አለበት። ስንት ሰው በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ካለፉት ምሽቶች እያየ ይገምታል። መርከብ ላይ ለመቀጠር የሚያስብ ወጣት ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ምሽቱን ሙሉ እግር ማሳረፊያ የለም።

ቲፕም በዚሁ ምክንያት ተለውጧል። ድሮ በመጨረሻው ምሽት ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ለአስተናጋጁ በእጅ መስጠት የተለመደ ነበር። አስተናጋጁ በየምሽቱ የሚለያይ ከሆነ ፖስታው ለማን ይሰጣል? ስለዚህ በሰው በቀን የተወሰነ የአገልግሎት ሂሳብ ከተሳፋሪው ላይ በራሱ ጊዜ ይቆረጣል። በትልልቆቹ የአሜሪካ ድርጅቶች በቅርብ ዓመታት ከ16 እስከ 20 ዶላር ገደማ ነው። ጉዞውን የሚከፍሉት ልጆች ከቲኬቱ ጋር አብረው ቢከፍሉት ወላጆች በመጨረሻው ቀን ሂሳብ ሲመጣ አይደነግጡም።

ጾምና አፍጥር

ለእኛ ሰው ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው።

ጅማ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው ከ12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ የአፍጥር ሰዓት ብዙም አይዋዥቅብንም። መርከብ ላይ ግን ፀሐይ እንደየባሕሩ ነው። በ2026 እ.ኤ.አ. ረመዳን በየካቲትና በመጋቢት ይውላል። በዚህ ወቅት ካሪቢያን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። በ11:30 ፈረቃ የተመደበ ጾመኛ ምግቡ ፊቱ ቀርቦ ፀሐይን ይጠብቃል ማለት ነው። በሰኔ ወደ አላስካ የሚሄድ ደግሞ ፀሐይ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ስለማትጠልቅ ሁለተኛው ፈረቃም ይቀድመዋል። መንገደኛ ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት እንደሚፈቀድለት ይታወቃል። መጾም የፈለገ ግን ነፃውን ሰዓት ቢይዝ ነው የሚያዋጣው። ተምርና ውሃ ካቢኑ ውስጥ ይኑረው። ለሱሁር የካቢን አገልግሎት አለ፤ በአንዳንድ ድርጅቶች ሌሊት ያስከፍላል። ሐላል ሥጋ የሚፈልግ ብዙ ሳምንታት ቀደም ብሎ ለድርጅቱ ያሳውቅ። ሁሉም አያቀርቡም፤ ካልተገኘ ዓሣና አትክልት አለ።

ረቡዕና ዓርብን ወይም የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ለሚጾም ኦርቶዶክስ የሚጠየቀው ምግብ "ቪጋን" ነው። "ቬጀቴሪያን" የሚለው አያዋጣም፤ አይብ፣ ቅቤና እንቁላል ይገባበታል። ዳቦውንና ሾርባውን ሳይቀር መጠየቅ ነው። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ደግሞ ዋናው አዳራሽ ምሳ ጨርሶ ተዘግቶ ያገኘዋል። ያኔ መሄጃው ቡፌው ነው፤ ሰዓቱን ግን አስቀድሞ ይይ።

እዚህ ላይ ፈረቃው አንድ ጥሩ ጎን አለው። በቋሚ ጠረጴዛ ላይ የጾም ወይም የአለርጂ ነገር አንዴ ከተነገረ ይበቃል። ዋና አስተናጋጁ የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ያመጣል፣ ተመርጦ ተለይቶ ይዘጋጃል። በነፃው ሰዓት ያው ነገር በየምሽቱ ለአዲስ ሰው እንደገና ሊነገር ነው። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናት ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። መፍትሔው ግን አለ። ነፃውን ይዞ በየምሽቱ በአንድ ሰዓት መሄድና "የትናንቱ አስተናጋጅ ጋ አስቀምጡን" ማለት ነው። ቦታ ካለ አይከለክሉም። ለወላጆች የምመክረው ይህንኑ ነው።

የሰውነት ሰዓትም መታሰብ አለበት። ከጅማ ተነስተው በቀጥታ ሚያሚ ላይ ለሚሳፈሩ፣ በእነሱ የብርድ ወቅት የዚያ የምሽቱ 12 ሰዓት እዚህ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት 2:30 ላይ እራት ይጠብቁ ማለት ጭካኔ ነው። ቀደም ብለው ይብሉና ይተኙ። መርከቡ ሲጓዝ ሰዓት ሊቀየር ስለሚችልም ስልክን ሳይሆን የመርከቡን ሰዓት መከተል ይበጃል።

ቡናውን በተመለከተ ብዙ ተስፋ ባይደረግ ጥሩ ነው። አዳራሹ ውስጥ የሚቀዳው ቀጭን የተጣራ ቡና ነው፤ ኤስፕሬሶ የሚገኘው በካፌው በክፍያ ነው።

ምርጫው የሚደረገው ቲኬት ሲገዛ ነው። የመጀመሪያው ፈረቃ ቶሎ ስለሚሞላ ቆይቶ የጠየቀ ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። የተመደበው ሰዓት ያልተስማማው ግን ተስፋ አይቁረጥ። በመሳፈሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ መርከቡ ገና ከወደብ ሳይነሳ፣ የአዳራሹ ኃላፊ በር ላይ ወይም በተነገረ ቦታ ተቀምጦ የሰዓትና የጠረጴዛ ለውጥ ያስተናግዳል። ሻንጣ ከመፍታት በፊት ወደ እሱ መሄድ ይሻላል።