በረዶ እና የህዋስ ኒውክለስ

ከማቀዝቀዣ የወጣ ሥጋ ሲቀልጥ የሚያንጠባጥበው ፈሳሽ በአብዛኛው በረዶ ከጎዳቸው ህዋሳት የወጣ ነው። እነዚህ ህዋሳት ሞተዋል። የዘር መረጃውን የያዘው ኒውክለስ ግን ሽፋናቸው ከተቀደደ በኋላም ሳይፈርስ ሊቆይ ይችላል። የህዋስ ሞትና የኒውክለስ መጥፋት አንድ ነገር ተደርገው መታየታቸው ብዙ ሰው ያሳስታል።

የጉዳቱን ዓይነት የሚወስነው ፍጥነት ነው። ቅዝቃዜው ዝግ ሲል በረዶው አስቀድሞ ከህዋሱ ውጭ ይሠራል፤ በዙሪያው የቀረው ፈሳሽ ጨዋማ እየሆነ ከውስጥ ውሃ ይስባል። ህዋሱም ኒውክለሱም ይኮማተራሉ። ቅዝቃዜው ሲፈጥን ደግሞ ውሃው የሚወጣበት ጊዜ ስለማያገኝ እዚያው ውስጥ በረዶ ይሆናል። ቅዝቃዜ ህዋሳትን እንዴት እንደሚጎዳ ያጠናው ተመራማሪ ፒተር ማዙርና ባልደረቦቹ እኤአ በ1972 ያቀረቡት ማብራሪያ በእነዚህ ሁለት ጉዳቶች ላይ የቆመ ነው። ግሊሰሮል የተባለው ዝልግልግ ፈሳሽ የቅዝቃዜን ጉዳት እንደሚያለዝብ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች እኤአ በ1949 በአውራ ዶሮ የወንዴ ዘር ላይ ከደረሱበት ወዲህ የኮርማ አባላዘር (የወንዴ ዘር ያለበትን ፈሳሽ) ማቀዝቀዝ የዘወትር ሥራ ሆኗል፤ ቃሊቲ የሚገኘው የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከልም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ማቅለጥም የራሱ ጣጣ አለው። ሙቀቱ ቀስ እያለ ከጨመረ ጥቃቅኖቹ በረዶዎች እየተዋሃዱ ይተልቃሉ፤ አዳቃዮች በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ የቆየውን አባላዘር በሞቀ ውሃ ቶሎ የሚያቀልጡት ለዚህ ነው።

ሁሉም ኒውክለስ እኩል አይጸናም። የወንዴ ዘር ዲኤንኤ (የዘር መረጃው የተጻፈበት ክር) ፕሮታሚን በተባሉ ፕሮቲኖች ጥብቅ ብሎ ስለታሸገ ጠንካራ ነው፤ ያም ሆኖ በማቅለጥ ጊዜ የሚፈጠሩ ኦክስጅን አዘል ሞለኪውሎች የዲኤንኤውን ክር ሊበጥሱት ይችላሉ። የበሰለ የሴት እንቁላል ደግሞ በዚያ ደረጃ የኒውክለስ ሽፋን እንኳ የለውም። ክሮሞዞሞቹን፣ ማለትም የዲኤንኤ ጥቅሎቹን፣ የያዙት ቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች በቅዝቃዜ ይፈርሳሉ፤ ሲሞቅ በትክክል ካልተሰደሩ የክሮሞዞሞች ቁጥር ሊዛባ ይችላል።

የኒውክለስን ጽናት በግልጽ ያሳየው ግን የጃፓን ተመራማሪዎች እኤአ የ2008 ሥራ ነው። ያለ ምንም መከላከያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ16 ዓመታት የቆየች አይጥ አካል ውስጥ አንድም ሕያው ህዋስ አልተረፈም። እነርሱ ግን ኒውክለሶቹን አውጥተው የራሱ ኒውክለስ ወደተነሣለት እንቁላል አስገቡ፤ ከዚያ ካገኙት ፅንስ ግንድ ህዋሳት (ወደ ሌሎች የህዋስ ዓይነቶች ሊለወጡ የሚችሉ ህዋሳት) አብቅለው፣ የኒውክለስ ዝውውሩን በእነርሱ ደግመው ጤነኛ አይጦች አገኙ። በእኔ እይታ ይህ እኤአ ከ1988 ጀምሮ በጥንቃቄ ከተቀመጡ ህዋሳት በተመሳሳይ የኒውክለስ ዝውውር በ2020 ከተወለደችው ባለጥቁር እግር ፌሬት (ትንሽ ሥጋ በል እንስሳ) ይልቅ ያስደንቃል፤ የእርሷ ህዋሳት ሕይወታቸውን እንደያዙ የተጠበቁ ነበሩና።

የአንጎል ተመራማሪዎችም በዚሁ ጽናት ይጠቀማሉ፤ በበረዶ ከተቀመጠ የአንጎል ቁራጭ ሙሉ ህዋስ ነጥሎ ማውጣት ስለሚከብድ፣ ኒውክለሶቹን ብቻ አጣርተው በውስጣቸው ያለውን አርኤንኤ (ከዲኤንኤው የሚገለበጠውን የመረጃ ቅጂ) ያነባሉ።