ስለ ጉዞ፣ ሚስጥርና ልጅነት መፅሀፎች ባህር ዳር ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ ባህር ዳር የመፅሀፍ ወሬ ሲነሳ፣ ፔዳ አካባቢ ቡና ተይዞም ይሁን ሀይቁ ዳር ቁጭ ተብሎ፣ ጉዞ ስላለበት፣ ሚስጥር ስላለበት፣ አንድ ልጅ ከቤቱ ወጥቶ ሰው ስለሚሆንበት መፅሀፍ ሁሌ የሚባሉ ነገሮች አሉ፣ ከመደጋገማቸው ብዛት ማንም እውነት ነው ወይ ብሎ አይጠይቅም። እኔ እነዚህን መፅሀፎች በጣም ስለምወዳቸው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

«የጉዞና የጀብዱ መፅሀፍ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛ ጋ የለም»

ይሄን የሚል ሰው ቀና ብሎ ሀይቁን ይይ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ጦቢያ እኮ ታሪኩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ ደራሲው አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ደግሞ የዘጌ ልጅ ነው፣ እነሆ በጀልባ ሄደን ገዳም ተሳልመን ቡና ጠጥተን የምንመለስባት ዘጌ። መፅሀፉ የታተመው ሮም ነው፣ በፈረንጆቹ 1908፣ ያኔ ሽፋኑ ላይ የነበረው ልብ ወለድ ታሪክ የሚል ነው፣ ጦቢያ እየተባለ መጠራት የጀመረው በኋላ ነው። ታሪኩ ባጭሩ፦ አባት ጦርነት ላይ ይማረካል፣ ዋህድና ጦቢያ የሚባሉ መንታ ልጆች አሉት፣ አንድ ደግ ነጋዴ ለማስለቀቂያ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣቸዋል፣ ከዛ ዋህድ ያን ሰውዬ ፈልጌ ውለታውን ካልመለስኩ ብሎ ሲወጣ እሱ ራሱ ተይዞ ባሪያ ይሆናል፣ አባትና እህት ደግሞ እሱን ፍለጋ ይነሳሉ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ። ማምለጥ አለ፣ መደበቅ አለ፣ ሴት መሆኗ ይታወቅባት ይሆን የሚል ጭንቀት አለ፣ እና ይሄ ሁሉ በአማርኛ፣ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል። ወፍራምም አይደለም፣ ወደ 90 ገፅ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት ጀምሮ ማታ የሚያልቅ።

«አፈወርቅ ባንዳ ነው፣ መነበብ የለበትም»

ይሄ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ተረጋግተን እንነጋገር። በፋሽስት ወረራ ጊዜ ከጣሊያን ጋር መቆሙ እውነት ነው፣ ከነፃነት በኋላም ጅማ ታስሮ እዛው ነው የሞተው፣ ይሄን ማንም አይክድም፣ መሸፋፈንም አያስፈልግም። ግን ጦቢያ የተፃፈው ከወረራው ወደ ሀያ ስምንት አመት ቀድሞ ነው፣ ደራሲው ኔፕልስ ላይ አማርኛ ያስተምር በነበረበት ዘመን። በኔ እምነት ሁለቱንም ማወቅ ነው የሚሻለው፣ መፅሀፉን ማንበብ፣ ከዛ የሰውዬውን ህይወት እስከ ጅማ ድረስ መከተል። ለዘጌና ለባህር ዳር ልጅ በተለይ፣ ከሰፈሩ ወጥቶ አውሮፓ የደረሰ ሰው እንዴት እዛ ላይ እንደጨረሰ ማሰብ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ሳያነቡ መጥላት ግን ምንም አያስተምርም።

«የጀብዱ መፅሀፍ የወንዶች ነው»

ጦቢያን አየናት። ፍቅር እስከ መቃብር ላይስ? ሰብለወንጌል የባላባት ልጅ ሆና፣ ደጃፍ እንኳ ያለ አጃቢ ያልወጣች ልጅ፣ መነኩሴ መስላ ከጎጃም ተነስታ በዛብህን ፍለጋ አዲስ አበባ መንገድ ትገባለች። በአማርኛ ልብ ወለድ በጣም ከሚወሩት ጉዞዎች ሁለቱ የሴት ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ሴትየዋ ልብስ ቀይራ ነው መውጣት የቻለችው፣ ምክንያቱም እንደ ሴት መንገዱ አይፈቀድላትም ነበር። እህቶቻችን ይሄን ቢያነቡ ብዙ የሚሉት ነገር እንዳለ እርግጠኛ ነኝ።

«መጨረሻውን ከነገሩህ መፅሀፉ አለቀ»

ሀዲስ አለማየሁ 1958 ዓ.ም ላይ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲያወጡ መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ነው የፃፉት። መቃብር ይላል እኮ! ከዛ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አገር ሙሉ ሬዲዮ ከቦ አዳመጠ፣ ቀድሞ ያነበበውም፣ መጨረሻውን የሰማውም፣ ደግሞ የሚያለቅስበትም። ሚስጥር ያለው መፅሀፍ የሚይዘን ማን ገደለ የሚለው ብቻ አይደለም፣ ሰውየው እንዴት ደረሰበት፣ እኛስ የቱ ጋ ነበር ማየት የነበረብን፣ እሱ ነው። ጥሩውን መርማሪ ታሪክ ሁለተኛ ስታነበው ፍንጮቹ ከመጀመሪያ ጀምሮ ፊትህ እንደነበሩ ታያለህ፣ ያ ደስታ በመጀመሪያው ንባብ አይገኝም።

«የወንጀልና የሚስጥር መፅሀፍ ልጅ ያበላሻል»

አያበላሽም። ማመዛዘን ነው የሚያስተምረው፣ አለመቸኮልን። በአማርኛም እነ ይልማ ሀብተየስ የመርማሪ ልብ ወለድ ሲፅፉ ኖረዋል፣ ማሞ ውድነህም የስለላ መፅሀፎችን ተርጉሞልናል፣ ያን ሲያነብ ያደገ ትውልድ ሌባ አልሆነም።

«ፊልሙን አይቼዋለሁ፣ አነበብኩት ማለት ነው»

ፈረንሳዊውን ደራሲ ዡል ቬርንን እንውሰድ። አለምን በ80 ቀን የዞረው ሰውዬ ሲባል ሁሉም ሰው ባሉን ነው የሚያስበው። መፅሀፉ ውስጥ በባሉን አልሄደም! ባቡር አለ፣ መርከብ አለ፣ ዝሆን አለ፣ በረዶ ላይ በሸራ የሚነዳ ጋሪ ሳይቀር አለ፣ ባሉኑን በሰው ጭንቅላት ያስቀመጠው በፈረንጆቹ የ1956ቱ ፊልም ነው። ሌላኛው መፅሀፉ፣ ሀያ ሺህ ሊግ ከባህር በታች የሚለው፣ ስሙ ላይ ያለው ሀያ ሺህ ሊግም (ሊግ የድሮ የርቀት መለኪያ ነው) ብዙ ሰው ጥልቀት ይመስለዋል፣ ግን ባህር ውስጥ ሆነው የተጓዙት ርቀት ነው፣ ወደ 80,000 ኪሎ ሜትር፣ መሬትን ሁለቴ መዞር ማለት ነው። ያን ያህል ጥልቀት ያለው ባህር የለም።

«ስለኛ አገር የፃፈ ፈረንጅ መጥቶ አይቶ ነው፣ ወይ ደግሞ ሁሉም ውሸት ነው»

ሁለቱም ልክ አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባለው እንግሊዛዊ ደራሲ በፈረንጆቹ 1759 ስለ ራስላስ፣ ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል ፅፏል፣ ልዑሉ ምንም ከማይጎድልበት ሸለቆ ሰልችቶት ተራራ ሰርስሮ ከእህቱ ጋር አለም ለማየት ይወጣል፣ ሲያድግ ቤት የጠበበው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሜት ነው። ጆንሰን ግን ኢትዮጵያን በአይኑ አላያትም፣ በወጣትነቱ ሎቦ የሚባል ፖርቹጋላዊ ቄስ ስለ ኢትዮጵያ የፃፈውን የጉዞ መፅሀፍ ስለተረጎመ ነው ሀሳቡ የመጣለት። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ደግሞ መጥቷል፣ በ1770 ግሽ አባይ ደርሷል፣ በ1790 አምስት ቅፅ ሲያሳትም የለንደን ሰዎች ስለ ጥሬ ስጋ የፃፈውን ሲያነቡ ቀጣፊ አሉት። እኛ ደግሞ ጥሬ ስጋን ማን ነው የሚጠራጠረው? የተሳሳተው ሌላ ጋ ነው፣ የአባይን ምንጭ መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ ማለቱ ላይ፣ ምክንያቱም ፔድሮ ፓኤዝ የሚባል ስፔናዊ ቄስ በ1618 ቀድሞታል፣ የአካባቢው የሰከላ ሰው ደግሞ ከሁለቱም በፊት ፀበሉን ይጠመቅበት ነበር። የጉዞ መፅሀፍ እንዲህ ነው የሚነበበው፣ የቱን በአይኑ አየ፣ የቱን ሰማ፣ የቱን ለራሱ ክብር ጨመረ እያልክ።

«ልጅ ስለሚያድግበት ታሪክ የሚያነበው ልጅ ነው»

ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ብዙ ወላጅ ለልጁ ገዝቶ ሰጥቶ እሱ ራሱ አይገልጠውም። የፍቅር እስከ መቃብሩ በዛብህ ሳይጠየቅ በወላጆቹ ስለት ለቤተክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፣ ከማንኩሳ ወጥቶ ዲማ እስኪደርስ ድረስ የወላጅ ቃልና የራሱ ልብ ይጣሉበታል። ይሄን የአስራ አምስት አመት ልጅ ሲያነበው ለበዛብህ ያዝናል፣ አባት ሲያነበው ደግሞ ስለቱን ያሰበበት ቀን ይታየዋል፣ ልጄን ዶክተር ካልሆንክ ያልኩትስ ምንድነው ይላል። ስለዚህ መፅሀፉን ለልጅህ ስትገዛ ቀድመህ አንተ አንብበው፣ ወይም ጊዜ የለኝም ካልክ የወጋየሁን ትረካ ማታ ማታ አብራችሁ ስሙት፣ አንድ ክፍል ሲያልቅ ሬዲዮኑን ወይ ስልኩን አጥፉና አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብለህ ጠይቀው፣ መልሱንም ሳታቋርጥ ስማው።