የማወቅ ቅዠት ምንድን ነው? የሳይንስ ቪዲዮ አይተን «ገባኝ» ስንል

ባለፈው ክረምት የልብስ ስፌት መኪናን አሠራር የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ምስሉ ጥርት ያለ፣ የተራኪው ድምፅ የተረጋጋ ነበር። ሲያልቅ «ለካ እንዲህ ነው!» ብዬ ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። በማግስቱ ሱሪ ላሳጥር ሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ሄድኩና ያየሁትን ልተርክላቸው ጀመርኩ። «ጋሼ፣ የመርፌዋ ዓይን ጫፏ ላይ የሆነው እኮ…» ከማለቴ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ጠየቁኝ፦ «የላይኛው ክር ጫፍ ወደ ታች አይወርድም፤ የታችኛውም ወደ ላይ አይወጣም። ታዲያ ሁለቱ በምን ይቆላለፋሉ?»

መልስ አልነበረኝም። ምስሉ ግን ዓይኔ ላይ ነበር፦ መርፌዋ ትወርዳለች፣ ከታች የሆነ ነገር ይዞራል፣ ስፌቱ ይጠብቃል። ጉዳዩ ሁሉ ያለው ለካ እዚያ «የሆነ ነገር» ያልኩት ላይ ነው።

የማወቅ ቅዠት የሚባለው ይህ ነው፦ አንድን ነገር በእርግጥ ከምናውቀው በላይ የምናውቀው ሲመስለን። ጉራ አይደለም፤ ጉረኛ አለማወቁን እያወቀ ይደብቃል፣ በዚህ ቅዠት የተያዘ ሰው ግን ከልቡ የገባው ይመስለዋል። ስለዚህም ነው ሰው እስኪጠይቀን ድረስ የማይታወቀን።

እ.ኤ.አ. በ2002 በየል ዩኒቨርሲቲ ሊዮኒድ ሮዘንብሊት እና ፍራንክ ኬይል የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ፈትሸውታል። ዚፕ፣ የበር ቁልፍ፣ የሽንት ቤት ውኃ መልቀቂያ፣ የልብስ ስፌት መኪና እንዴት እንደሚሠሩ ምን ያህል እንደሚያውቁ ሰዎች ከ1 እስከ 7 ለራሳቸው ነጥብ እንዲሰጡ ጠየቁ። ቀጥለው «እስቲ ደረጃ በደረጃ ጻፉት» አሏቸው። ከጻፉ በኋላ ለራሳቸው የሰጡት ነጥብ ወረደ። የአገሮችን ዋና ከተማ በመሳሰሉ ጥያቄዎች ላይ ግን እንዲህ ያለው መውረድ እምብዛም አልታየም። ምክንያቱ አያስቸግርም፤ የአንድን አገር ዋና ከተማ ወይ ታውቀዋለህ ወይ አታውቀውም። የዚፕ አሠራር ግን በየቀኑ ስለምንከፍተውና ስለምንዘጋው ብቻ የምናውቀው ይመስለናል።

እንግዲህ በደንብ የተሠራ የሳይንስ ቪዲዮ ለዚህ ቅዠት ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ አስቡት። ማብራሪያው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ የሚያደናቅፍ ነገር የለም። አእምሯችንም የተራኪውን ቅልጥፍና የራሱ አድርጎ ይቆጥረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናት ላይ፣ ዕቃ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቁን መንጭቆ የሚያወጣ ሰው ቪዲዮ ደጋግመው ያዩ ሰዎች አንዴ ብቻ ካዩት ይልቅ «እኔም እችለዋለሁ» የሚል እምነታቸው ጨምሯል። በዚያው ጥናት ሌሎች ሥራዎችን በተግባር ሲሞክሩ ግን ደጋግሞ ማየቱ ችሎታቸውን አላሻሻለውም።

ከሁሉ ይበልጥ እኔን የነካኝ የዴሪክ ሙለር ሥራ ነው። ሙለር ቬሪታሲየም የተባለውን የዩቲዩብ ቻናል እ.ኤ.አ. በ2011 ከመጀመሩ በፊት፣ በሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቱ የፊዚክስ ቪዲዮዎችን ነበር ያጠናው። ግልጽና ቀጥተኛ ማብራሪያ ያዩ ተማሪዎች ቪዲዮውን አመሰገኑ፤ «ለመረዳት ቀላል» አሉት። ውጤታቸው ግን ከ26 ጥያቄ በአማካይ ከ6 ወደ 6.3 ብቻ ነው ከፍ ያለው። ሌሎቹ ያዩት ቪዲዮ ውስጥ አንድ ሰው በብዙዎች ዘንድ ያለውን የተሳሳተ ሐሳብ ይናገራል፣ ሐሳቡም ይመረመራል። እነዚህኞቹ «ግራ ያጋባል» ብለው አማረሩ፤ ውጤታቸው ግን ወደ 11 ወጣ። የመጀመሪያዎቹ ከሰሙት ውስጥ ከቀድሞ እምነታቸው ጋር የሚስማማውን እየመረጡ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብለው አልፈው ነበር።

ይህ በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ቅርብ ነገር ነው። ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ለምን እንደምትመለስ ጠይቁ፤ «ጉልበቷ ሲያልቅ ነዋ» የሚል መልስ ታገኛላችሁ። ጉልበት የሚለው ቃላችን የሰውን ብርታትም፣ ግፊትንም፣ የሥራ አቅምንም አንድ ላይ አቅፎ የያዘ ነው፤ ስለዚህ የእጃችን ጉልበት ኳሷ ውስጥ ገብቶ አብሯት የሚጓዝ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከእጅ ከወጣችበት ቅጽበት ጀምሮ፣ አየሩ የሚያደርስባትን ጫና ከተውነው፣ ኳሷ ላይ ያለው የመሬት ስበት ብቻ ነው፤ ሽቅብ ስትወጣም፣ ጫፍ ላይ ስትደርስም፣ ስትወርድም ያው። ሽቅብ የሚወስዳት እንቅስቃሴዋ ነው እንጂ የሚገፋት ነገር የለም። ይህን አንብቦ ያልተወዛገበ ሰው አንድ ጊዜ ቢመለስበት ጥሩ ነው።

አብዛኛውን የሳይንስ ቪዲዮ የምናየው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይህም አንድ ፈተና በነፃ ይሰጠናል። ቪዲዮው እንዳለቀ ነገሩን እንግሊዝኛ ለማያውቅ ሰው፣ ለእናት ወይም ለአክስት፣ በአማርኛ መንገር ነው። «ኢነርጂ» እና «ሞመንተም» ብለን የምናልፋቸው ቦታዎች እንዳሉ ሊሻገሩ አይችሉም፤ ወይ በራሳችን ቃል እንፈታቸዋለን፣ ወይ እዚያው እንቆማለን። የቆምንበት ቦታ ደግሞ ቪዲዮውን መልሰን የምንከፍትበት ደቂቃ ነው። እኔ አሁን መልሱ ከመነገሩ በፊት አቁሜ ግምቴን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። አዝጋሚ ነው፤ ደስታው ግን ይበልጣል።

ስፌት መኪናውን በተመለከተ፣ ሱሪዬን ልወስድ ስመለስ ጋሼ የመርፌዋን ሥር ሽፋን ከፍተው መንኮራኩሩን በእጃቸው ቀስ አድርገው አዞሩልኝ። መርፌዋ ወርዳ ትንሽ ከፍ ስትል፣ ክሩ በጨርቁ ስለሚያዝ ከጎኗ ትንሽ ቀለበት ሠራ። የሚዞረው መንጠቆ በሹል ጫፉ ቀለበቷን ያዛት፣ አሰፋት፣ በታችኛው ክር መጠቅለያ ዙሪያም አሳለፋት። የታችኛው ክር ጫፍ የትም አልሄደም፤ መጠቅለያው ከነክሩ በቀለበቷ ውስጥ አለፈ። «አሁን አንተ አዙርና ንገረኝ» አሉኝ። ሦስት ጊዜ አዞርኩ፤ በሦስተኛው ሳልደናቀፍ ነገርኳቸው።