እምነትና ማስረጃ፦ ከጎንደር ጉባኤ ቤት እስከ እንፍራዝ

ሃይማኖታዊ እምነት በምክንያት ይቆማል ወይስ ከምክንያት ውጭ የሚያዝ ነው? ጎንደር ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም፤ የተቆረቆረችውም በሃይማኖት ጠብ ማግስት ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በአዋጅ ጭነው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን እምነት መለሱ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አስወጥተው በ1636 ገደማ ጎንደርን መናገሻ አደረጉ።

ነገሩ ከቃሉ ይጀምራል። «አመነ» ማለት እውነት ነው ብሎ ተቀበለ ማለት ነው፤ ገንዘቡን ለባልንጀራው አምኖ ሰጠ ስንል ግን ስለ ሰውየው መተማመን ነው የምናወራው። እ.ኤ.አ. በ1877 ያለ በቂ ማስረጃ ማመን ሁልጊዜ ጥፋት ነው ብሎ የጻፈው እንግሊዛዊው ዊልያም ክሊፈርድ የመጀመሪያውን ፍቺ ይዟል። በ1896 የመለሰለት አሜሪካዊው ዊልያም ጄምስ ወደ ሁለተኛው ይጠጋል፦ ማስረጃ ሊቆርጠው በማይችለው፣ ዝም ማለትም እንደ መወሰን በሚቆጠርበት ታላቅ ጉዳይ ልብ ወዳዘነበለበት መሄድ ነውር አይደለም።

የጎንደር ሊቃውንት መልስ በትርጓሜ ቤት ይገኛል። ትምህርቱ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት ተብሎ በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ የአተረጓጎሙም ስልት በከተማዋ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ ተለይቷል፤ ታች ቤትን የመሠረቱት መምህር ኤስድሮስ ናቸው ይባላል። መምህሩ የግእዙን ንባብ በአማርኛ ይፈታል፤ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ያክላል፤ «ሐተታ» ብሎ ነገሩን ይመረምራል፤ ከሌላ መጽሐፍ ቃል አምጥቶ «እንዲል» ሲል ያስረግጣል። ይህ ጭፍን አምልኮ ነው የሚል ሰው ጉባኤ ቤት ደጃፍ አልደረሰም። ሆኖም «እንዲል» የሚጠራው ምስክር ሁልጊዜ መጽሐፍ ወይም አባቶች ናቸው፤ መጽሐፉን ስለምን አመንነው ተብሎ አይጠየቅም። ሥላሴና ሥጋዌ (አምላክ ሰው መሆኑ) «ምሥጢር» መባላቸውም አእምሮ የሚቆምበትን ድንበር ያመለክታል።

የዚህ መንገድ ችግር ቅባት፣ ተዋሕዶና ጸጋ በተባሉት የቤተ ክርስቲያን ወገኖች ክርክር ታይቷል። ክርስቶስ ተቀባ ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ሁሉም ያንኑ መጽሐፍ እየጠቀሱ በነገሥታቱ ፊት ጎንደር ላይ ተሟገቱ፤ ጉዳዩ የተቆረጠው በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ያም ቢሆን የንጉሥ ፍርድ ነበረበት።

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው እንፍራዝ ደግሞ ሌላ «ሐተታ» አላት፤ ይህኛው የመጽሐፍ ስም ነው። በዘርአ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው የግእዝ ጽሑፍ ባለታሪክ በሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ ሁለት ዓመት በዋሻ ይኖርና ኋላ እንፍራዝ ይሰፍራል። ጥያቄው አጭር ነው፦ እያንዳንዱ ሰው ትክክለኛው የእኔ ሃይማኖት ነው ካለ ዳኛው ማን ይሁን? መልሱ እግዚአብሔር ለሁሉም የሰጠው ብርሃነ ልቡና ነው። እግዚአብሔርን አይክድም፤ ይጸልያልም፤ ግን በልቡና ብርሃን ያልተመረመረ ጾምና ምንኩስናን አይቀበልም።

ጽሑፉን በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወደ አውሮፓ የላከው ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነበር። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ደራሲውም ራሱ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ካናዳዊው የፍልስፍና መምህር ክሎድ ሰምነር የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ስለ ማስረጃ አጥብቆ የሚጠይቅ ጽሑፍ ለራሱ ደራሲ ማስረጃ ማጣቱ የሚያስፈግግ ነው፤ የዳኛው ጥያቄ ግን ማንም ጻፈው ማን ክብደቱ አይቀንስም።